በጣና ስንት ዓይነት ነጭ ዓሣ አለ?
የዘረመል ጥናት ብርቅዬ የሐይቅና የወንዝ ዓሦችን በመለየትና በመጠበቅ ረገድ ያለው ድርሻ

ክረምቱ ሲገባ የጉማራ ወንዝ ይደፈርሳል። ከፎገራ ሜዳ በላይ ካሉት ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ አፈር ተሸክሞ ወደ ጣና ሐይቅ ሲደርስ፣ በወንዙ መግቢያ ላይ ዓሦች መሰብሰብ ይጀምራሉ። ዓመቱን ሙሉ በሐይቁ ውስጥ ተበታትነው የከረሙት እነዚህ ዓሦች የጎርፉን ጉልበት ተቋቁመው በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይጓዛሉ። መድረሻቸው ወለሉ ጠጠር የሆነ፣ ውኃው ፈጣንና ኦክስጅን የበዛበት ገባር ጅረት ነው። እዚያም እንቁላላቸውን ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

በዚህ ወቅት በወንዙ ዳር ዓሦቹን የሚጠብቁ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው መረቡን የዘረጋው ዓሣ አስጋሪ ነው። ሁለተኛው ትንሽ መቀስና አልኮል የተሞላ ጠርሙስ የያዘ ተመራማሪ ነው። አስጋሪው ዓሣውን እንዳለ ይወስዳል፤ ተመራማሪው ግን ከክንፉ ጫፍ የጣት ጥፍር የማታክል ቁራጭ ቆርጦ ዓሣውን ወደ ውኃው ይመልሰዋል። ከዚህች ቁራጭ የሚፈልገው ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው፤ ይህ ዓሣ ከየትኛው ወገን ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ መልሱ ከ180 ዓመታት በላይ አከራክሯል። አሁን ደግሞ ክርክሩ የስያሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የትኛው ዓሣ እየጠፋ እንደሆነ፣ የትኛው ወንዝ መጠበቅ እንዳለበት የሚወሰነው በዚሁ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ወይስ አሥራ አምስት?

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሐይቅ ነው። ከስፋቱ አንጻር ሲታይ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ቢበዛ 14 ሜትር ይደርሳል። ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ ከ30 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ይህ ገደል ከታች ያሉት የዓባይ ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ያገደ የተፈጥሮ ግድግዳ ነው። በዚህ ምክንያት የጣና ዓሦች ለረጅም ዘመን ከሌላው ዓለም ተነጥለው ኖረዋል።

በሐይቁ ዙሪያ በብዛት የሚታወቁት ዓሦች ሦስት ናቸው፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ሦስተኛው ነው። ነጭ ዓሣ በሳይንሳዊ አጠራሩ ላቤዎባርበስ ከተባለው ጂነስ ይመደባል። ይህን ዓሣ ለሳይንሱ ዓለም ቀድሞ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘው ጀርመናዊ ኤድዋርድ ሩፔል ነበር። ሩፔል የሰበሰባቸውን ዓሦች በመልካቸው እየለየ የተለያየ ስም ሰጣቸው። ከሰጣቸው ስሞች አንዱ «ጎርጓሪ» ነው፤ ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በለንደን የነበረው ቡላንዤ፣ በኋላም በ1940 ጣሊያናዊው ቢኒ ሌሎች ስሞችን ጨመሩ። የስሞቹ ዝርዝር እየረዘመ ሄደ።

በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች መርምሮ ሌላ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በእርሱ አስተያየት እነዚህ ሁሉ ስሞች የተሰጡት አንድን መልኩ እንደየአካባቢው የሚለዋወጥ ዝርያ ነው። በመሆኑም የጣና ነጭ ዓሦች «ባርበስ ኢንተርሜዲየስ» በሚል አንድ ስም ተጠቃለሉ። በአንድ የብዕር ጭረት ብዙ የነበረው አንድ ሆነ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጉዳዩ እንደገና ተከፈተ። ኔዘርላንዳውያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በሐይቁ ላይ ለዓመታት ባደረጉት ጥናት ዓሦቹን በአፋቸው ቅርጽ፣ በራሳቸው ርዝመት፣ በዓይናቸው ስፋት፣ በሚመገቡት ምግብና በሚኖሩበት ጥልቀት ለዩ። በውጤቱም 15 ዓይነት የተለያዩ ነጭ ዓሦች እንዳሉ ዘገቡ። ከእነዚህም ውስጥ 8ቱ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው። ይህ የሥነ ሕይወት ሊቃውንትን ያስደነቀ ግኝት ነው። ምክንያቱም ነጭ ዓሣ የሚገኝበት ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው በጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ቤተሰብ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ስምንት ዓይነት አዳኝ ማፍራቱ ያልተለመደ ነው።

እንግዲህ የቱ ትክክል ነው? አንድ ወይስ 15? መልክ ብቻውን ሊያታልል ይችላል። የአንድ ዝርያ ዓሦችም በምግብና በኑሮ ልዩነት የተለያየ መልክ ሊይዙ ይችላሉ። ስለዚህ ዳኝነቱ ወደ ዘረመል ተወሰደ።

የላናኦ ማስጠንቀቂያ

ወደ ዘረመሉ ከመግባታችን በፊት ጉዳዩ ለምን አጣዳፊ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንመልከት። በፊሊፒንስ ሚንዳናኦ ደሴት ላናኦ የተባለ ሐይቅ አለ። እንደ ጣና ሁሉ በዚህ ሐይቅም የአንድ ቤተሰብ የሆኑ፣ በሌላ ቦታ የማይገኙ በርካታ የነጭ ዓሣ ዘመዶች ተፈጥረው ነበር። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሦች፣ ልክ ያጣ ማስገርና አውዳሚ የማስገሪያ ዘዴዎች ተደማምረው አዳከሟቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ በላናኦና ከእርሱ በሚወጣው ወንዝ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት 17 ዝርያዎች ውስጥ 15ቱ ጨርሰው መጥፋታቸውን አስታወቀ። የቀሩት ሁለቱም ሳይጠፉ እንዳልቀሩ ይገመታል።

ከላናኦ በኋላ ጣና በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት የዓሣ ስብስብ ካለባቸው እጅግ ጥቂት ሐይቆች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። በመዝገብ ላይ «አንድ ነጭ ዓሣ» ብቻ ከተጻፈ ግን ከ15ቱ አምስቱ ወይም አሥሩ ቢጠፉ ማንም አያውቅም። መዝገቡ እንደነበረ «ነጭ ዓሣ አለ» ይላል።

ከክንፍ ቁራጭ ወደ ፊደል

በአልኮል የተጠበቀችው የክንፍ ቁራጭ ላቦራቶሪ ስትደርስ ሥጋው በኢንዛይም ይሟሟል፤ ከሕዋሳቱም ዲ.ኤን.ኤ. ተለይቶ ይወጣል። ዲ.ኤን.ኤ. በአራት ኬሚካላዊ «ፊደላት» የተጻፈ እጅግ ረጅም ጽሑፍ ነው። ሁሉን ማንበብ ስለማያስፈልግ ተመራማሪው አንድ የተመረጠ ክፍል ወስዶ ፒ.ሲ.አር. በተባለው ዘዴ ያባዛዋል። በየዙሩ እያንዳንዱ ቅጂ ሁለት ይሆናል። ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ቅጂ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ፊደላቱን በመሣሪያ ማንበብ ይቻላል።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነበበው በሚቶኮንድሪያ ውስጥ የሚገኘው ዲ.ኤን.ኤ. ነው። ሚቶኮንድሪያ ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጭ አካል ሲሆን፣ የራሱ የሆነ ትንሽ ዲ.ኤን.ኤ. አለው። ይህም ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለሆነ የእናትን የዘር ሐረግ ለመከተል ያመቻል። በዓለም ላይ የብዙ ሺህ ዝርያዎች የሚቶኮንድሪያ ፊደል ተነብቦ ተመዝግቧል። በአብዛኛው ሁለት ዝርያዎች ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው በግልጽ ይታያል። ስለዚህ የአንድን ዓሣ ቁራጭ ሥጋ ብቻ አይቶ የዝርያውን ስም መናገር ይቻላል፤ ልክ በሱቅ ዕቃ ላይ ያለው መለያ መስመር ተነብቦ የዕቃው ዓይነት እንደሚታወቀው።

በጣና ነጭ ዓሦች ላይ ግን ይህ ዘዴ እንደታሰበው አልሠራም። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት የሚቶኮንድሪያ ጂን አንብቦ የዓሦቹ ፊደላት እጅግ ተቀራራቢ መሆናቸውን አሳየ። ከዚያም አልፎ አንድ ዓይነት ፊደል በተለያዩ ዝርያዎች ውስጥ ተገኘ። አፉ ሰፊ የሆነው አዳኝ ዓሣና ከሐይቁ ወለል ምግቡን የሚለቅመው ዓሣ ተመሳሳይ መለያ ይዘው ተገኙ።

ስድስት እጥፍ

ሌላም እንቅፋት ነበረ። ሰው ከእናትና ከአባት የወረሳቸው ሁለት ስብስብ፣ በጠቅላላው 46 ክሮሞዞሞች አሉት። በጣና የሚኖሩት ትንንሽ ባርበሶችም እንዲሁ ሁለት ስብስብ፣ 50 ክሮሞዞሞች አሏቸው። በ1993 የታተመ የክሮሞዞም ጥናት ግን ትልልቆቹ፣ ማለትም ነጭ ዓሦች፣ 150 ያህል ክሮሞዞሞች እንዳሏቸው አረጋገጠ። ይህም ስድስት ስብስብ ማለት ነው። በጥንት ዘመን የቅድመ አያቶቻቸው የክሮሞዞም ስብስብ እየተደራረበ እንደበዛ ይህ ያመለክታል።

ለተመራማሪው የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። በሰው ዘንድ አንድ ጂን ቢበዛ በሁለት መልክ ይገኛል፤ በነጭ ዓሣ ግን እስከ ስድስት መልክ ሊኖረው ይችላል። የተለመዱት የዘረመል ስሌቶች የተዘጋጁት ሁለት ቅጂ ላላቸው ፍጥረታት ነው። የትኛው መልክ ስንት ጊዜ እንደተደገመ መለየት ሲያስቸግር፣ የቤተሰብ ዝምድናን፣ የሕዝብ ብዛትንና የመዳቀልን መጠን ማስላትም አብሮ ያስቸግራል። የጣና ዓሦች የዘረመል ጥናት ከሌሎች ሐይቆች ይልቅ አዝጋሚ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የሠርገኛ ጤፍ ምሳሌ

ታዲያ የሚቶኮንድሪያው ውጤት ባኒስተር ትክክል ነበር ማለት ነው? ነጭ ዓሣ አንድ ብቻ ነው? እንዲህ ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

ነጭና ቀይ ጤፍ የተቀላቀለበት ሠርገኛ ጤፍ በአንድ ጎተራ አለ እንበል። ሁለት ወንድማማቾች ከዚህ ጎተራ ዘር ተካፍለው አንዱ በደጋ፣ ሌላው በቆላ ዘራ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሁለቱ ማሳ በአንዱ አንዲት ቀይ ፍሬ አንሥተን «የማን ናት?» ብንል መመለስ አንችልም፤ ቀይ ፍሬ በሁለቱም ማሳ አለና። ይህ ግን ሁለቱ ማሳዎች አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ከየማሳው አንድ እፍኝ ብንቆጥር የደጋው ከመቶ 70 ነጭ፣ የቆላው ከመቶ 30 ነጭ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው በአንዲቷ ፍሬ ሳይሆን በመጠኑ ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ተለያይተው ቢዘሩ አንደኛው ማሳ ፍጹም ነጭ፣ ሌላው ፍጹም ቀይ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልጋል።

የጣና ዓሦች ጊዜ አጥሯቸዋል። ከሐይቁ ወለል በታች ያለው ደለል ሲጠና ጣና በግምት ከ15,000 እስከ 18,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ደርቆ ወይም ለመድረቅ ተቃርቦ እንደነበር ታውቋል። የዛሬው ሐይቅ የተሞላው ከዚያ ወዲህ ነው። በሥነ ሕይወት አቆጣጠር ይህ ትናንት ማለት ነው። ወጣት ዝርያዎች ከአንድ ጎተራ የወጡበትን ቅይጥ ገና ይዘው ስለሚገኙ፣ አንድ ጂን ብቻ ሲነበብ አንድ መስለው ይታያሉ። መልካቸውና አመጋገባቸው ግን ተፈጥሯዊ ምርጫ ስለሚያፋጥነው ቀድሞ ይለያያል።

ስለዚህ መፍትሔው ከአንዲት ፍሬ ወደ እፍኝ፣ ከአንድ ጂን ወደ ብዙ ጂን መሄድ ነው። በ1990ዎቹ የኢንዛይሞችን ልዩነት፣ ቀጥሎም በፍጥነት የሚለዋወጡትን የበሽታ መከላከያ ጂኖች የመረመሩ ጥናቶች በዚህ አቅጣጫ የተወሰዱ እርምጃዎች ነበሩ። ዛሬ ደግሞ በአንድ ጊዜ በመላው ጂኖም ላይ የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን ማንበብ ይቻላል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው የመጠን ልዩነት ትንሽ ቢሆንም፣ የሺዎቹ ድምር ሁለት ዓሦች በአንድ ማሳ የተዘሩ መሆን አለመሆናቸውን ይናገራል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ። «በዘረመል ልዩነት አልተገኘም» ማለትና «ልዩነት የለም» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ መሣሪያው ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ተፈጥሮ። ሁለቱን ያቀላቀለ ባለሥልጣን ወይም ባለሙያ ሊጠበቅ የሚገባውን ዝርያ ከመዝገብ ሊሰርዝ ይችላል።

ዓሣ እንዴት ይጠፋል?

በጣና ላይ ለብዙ ዘመን ማስገር የሚካሄደው በደንገል ታንኳ ነበር፤ በዚህም የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ይታወቃል። በ1986 ግን ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ከዘመናዊ ክር የተሠሩ ረጃጅም መረቦች ገቡ። ዓሣውን በስንጥቡ የሚይዙት እነዚህ መረቦች እንቁላል ሊጥሉ በወንዝ መግቢያ ላይ በሚሰበሰቡት ነጭ ዓሦች ላይ ብርቱ ጉዳት አደረሱ። በሐይቁ ደቡብ፣ በባሕር ዳር አካባቢ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ገደማ የተደረጉ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ የትልልቆቹ ነጭ ዓሦች መጠን በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ። የግልገሎቹ መቀነስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነበር። ይህም የሚወለደው የሚሞተውን መተካት እንዳልቻለ ያሳያል።

በወንዞቹ ላይ ሌላ አደጋም አለ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ጅረቱ ሲጣል ዓሦችን ያደነዝዛል፤ ይገድላልም። ይህ አሮጌ ዘዴ ለጥቂት ቤተሰብ እራት ይሆን ነበር። እንቁላል ሊጥሉ በአንድ ጠባብ ጅረት በተሰበሰቡ ዓሦች ላይ ሲፈጸም ግን የአንድ ዓመት ትውልድ በአንድ ቀን ይጠፋል።

የቁጥር መቀነስ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት ወደ ጎተራችን እንመለስ። ከሠርገኛው ጤፍ በየዓመቱ አንድ ኩንታል ዘር ከተወሰደ የነጩና የቀዩ መጠን ብዙም አይለወጥም። በየዓመቱ አሥር ፍሬ ብቻ ከተወሰደ ግን በአጋጣሚ ብቻ አንደኛው ቀለም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። የጠፋውም አይመለስም። ጥቂት ወላጆች ብቻ ሲቀሩ ዓሦችም በተመሳሳይ መንገድ የዘረመል ሀብታቸውን ያጣሉ። ለዚህ ነው የዘረመል ተመራማሪ በሐይቁ ውስጥ ያለውን የዓሣ ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ በእርግጥ ለሚቀጥለው ትውልድ ዘር ያስተላለፉት ወላጆች ስንት እንደሆኑ የሚያሰላው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በዓይን ከሚቆጠረው እጅግ ያንሳል።

የዚህ መጨረሻ ምን እንደሚመስል በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ በሚገኘው ዴቭልስ ሆል በተባለ አንድ ጠባብ የዋሻ ኩሬ ውስጥ ታይቷል። የዚህ ኩሬ ትንሽ ዓሣ በዓለም ላይ በሌላ ተፈጥሯዊ ስፍራ አይገኝም። በ2013 ጸደይ ሲቆጠር 35 ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ2022 የታተመ የጂኖም ጥናት እንዳመለከተው፣ ከአንድ ዓሣ ጂኖም በአማካይ 58 በመቶው ከእናትና ከአባት የተወረሱት ቅጂዎች አንድ ዓይነት የሆኑበት ነው። ይህም ለአራት ወይም ለአምስት ተከታታይ ትውልድ ወንድምና እህት ቢዋለዱ ከሚፈጠረው ሁኔታ ጋር ይመሳሰላል። እንዲህ ያለ ዓሣ አዲስ በሽታ ወይም የውኃ ሙቀት ለውጥ ሲመጣ የሚመርጥበት አማራጭ የለውም።

ወንዙና ዓሣው

ከ15ቱ ነጭ ዓሦች ግማሽ የሚሆኑት እንቁላላቸውን በወንዝ እንደሚጥሉ ታውቋል። የቀሩት በወንዞቹ ውስጥ ስላልተገኙ በሐይቁ ውስጥ እንደሚራቡ ይታመናል። በጉማራ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ዝርያዎቹ ወደ ወንዙ የሚገቡት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተራ በተራ ነው፤ የሚመርጡትም ጅረት ይለያያል። ይህም እንዳይዳቀሉ የሚጠብቃቸው ተፈጥሯዊ አጥር ነው። ከዚህ ተነሥተው ተመራማሪዎች በ2004 አንድ መላምት አቀረቡ። እያንዳንዱ ዓሣ ወደተፈለፈለበት ወንዝ ይመለስ ይሆናል የሚል ነው።

መላምቱ ትክክል ከሆነ የሚከተለው መደምደሚያ ቀላል አይደለም። የጉማራ፣ የርብ፣ የመገጭ፣ የግልገል ዓባይ፣ የድርማና የአርኖ ጋርኖ ዓሦች በሐይቁ ውስጥ ተቀላቅለው ቢታዩም፣ በመራባት ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቤተሰብ ናቸው ማለት ነው። አንድ ወንዝ ቢዘጋ የሌላው ወንዝ ዓሣ ቦታውን አይተካም። ዓሦቹ ወንዝ የማይለዩ ከሆነ ግን የአንዱ ጉዳት በሌላው ሊካስ ይችላል። ይህን በመረብም ሆነ በዓይን መለየት አይቻልም። ከየወንዙ በተወሰዱ የክንፍ ቁራጮች የጂን መጠንን በማነጻጸር ግን ይቻላል።

ጥያቄው የመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በርብ ወንዝ ላይ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል፤ በመገጭም ላይ የግድብ ሥራ ተጀምሯል። ለፎገራና ለደምቢያ ገበሬ መስኖ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለዓሣው ደግሞ የወንዙ መንገድ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከየትኛው ወንዝ ምን ያህል ውኃ፣ በየትኛው ወር መለቀቅ እንዳለበት በእውቀት ለመወሰን፣ በዚያ ወንዝ የሚራባው ዓሣ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ከሙዚየም ጠርሙስ የተገኘ መልስ

ዘረመል የጠፋ መስሎ የታየን ዓሣ ለመመለስ የረዳበት ሁኔታም አለ። በኔቫዳ ፒራሚድ የተባለ ሐይቅ አለ። በዚህ ሐይቅ የሚኖረው ትልቅ ትራውት ዓሣ፣ እንደ ጣናው ነጭ ዓሣ፣ እንቁላሉን ለመጣል ትራኪ የተባለውን ወንዝ ሽቅብ ይጓዝ ነበር። በ1905 በወንዙ ላይ ለመስኖ ግድብ ተሠራ። ለመጨረሻ ጊዜ ዓሦቹ ወደ ወንዙ ሲወጡ የታዩት በ1938 ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሐይቁ ዓሣ ጠፋ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን በኔቫዳና በዩታ ወሰን፣ ፓይለት ፒክ በተባለ ተራራ ላይ በሚገኝ አንድ ትንሽ ጅረት ውስጥ ተመሳሳይ ትራውት ተገኘ። ቀደም ሲል ሰዎች ወስደው የጨመሩት ነው ተብሎ ተገመተ። ግን የፒራሚድ ሐይቁ ዓሣ ራሱ መሆኑ በምን ይረጋገጥ? መልሱ የተገኘው በሙዚየም ነው። ግድቡ ዓሣውን ከማጥፋቱ በፊት ከሐይቁ ተይዘው ከተቀመጡ ዓሦች ዲ.ኤን.ኤ. ተወስዶ ከጅረቱ ዓሣ ጋር ተነጻጸረ፤ ዝምድናቸውም ታወቀ። ከ2006 ጀምሮ የጅረቱ ዘር ወደ ሐይቁ ተመለሰ። በ2014 ከ76 ዓመታት በኋላ እነዚህ ዓሦች በትራኪ ወንዝ ውስጥ እንቁላል ሲጥሉ ታዩ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰዱት ትምህርቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ዛሬ በጠርሙስ የተቀመጠ ናሙና ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚነሣ ጥያቄ ምስክር ሊሆን እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ዘረመል ብቻውን ዓሣን እንደማይመልስ ነው። ዘሩ ተገኝቶም እንኳ ወንዙ ውኃ ባይኖረው ዓሣው አይራባም ነበር።

ዓሣ ሳይያዝ

ከ2008 ወዲህ የተስፋፋ ሌላ ዘዴም አለ። ዓሣ ሲኖር ቆዳው፣ ልጋጉና ዓይነ ምድሩ ወደ ውኃው ይገባል፤ ከእነርሱም ጋር ዲ.ኤን.ኤ. ይገባል። ጥቂት ሊትር ውኃ ቀድቶ በወንፊት በማጥለል፣ የተያዘውንም ዲ.ኤን.ኤ. በማንበብ በዚያ ውኃ ውስጥ ምን ዓይነት ዓሦች እንዳሉ ማወቅ ይቻላል። ብርቅዬ ዓሣን ለመፈለግ ተብሎ ዓሣው ራሱ በመረብ መገደሉን ይህ ዘዴ ያስቀራል።

በጣና ግን ዘዴውን ከመጠቀም በፊት ገደቡን መረዳት ያስፈልጋል። ከውኃ ውስጥ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ ሚቶኮንድሪያ ነው፤ የጣና ነጭ ዓሦች ሚቶኮንድሪያ ደግሞ እርስ በርሱ እንደማይለይ አይተናል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ውኃ «በዚህ ጅረት ነጭ ዓሣ አለ» ሊል ይችላል፤ «ጎርጓሪ አለ» ሊል ግን አይችልም። የወንዙን መንገድ ለመከታተል የመጀመሪያው መልስ ይበቃል፤ ዝርያን ለመቁጠር ግን አይበቃም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚስማማውን መሣሪያ መምረጥ የተመራማሪው ሥራ ነው።

በእጃችን ያለው

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ከሁለት አሥርተ ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ደግሞ ጉዳዩ ማስገርን ብቻ የሚመለከት አለመሆኑን አሳይቷል። ሕጉም መዝገቡም አሉ ማለት ነው። ሁለቱም ግን የሚጠብቁትን በስሙ ማወቅ አለባቸው።

ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ሥራ ውድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ወንዝና ከእያንዳንዱ ዝርያ የክንፍ ቁራጭ ወስዶ በአልኮል ማስቀመጥ፣ የተያዘበትን ቦታና ቀን በጥንቃቄ መጻፍ፣ ዓሣውን ፎቶ አንሥቶ መለካት ነው። የማንበቢያው መሣሪያ ዛሬ በአቅራቢያ ባይኖር ነገ ይኖራል፤ ዋጋውም በየዓመቱ ሲቀንስ ታይቷል። ዛሬ ያልተወሰደ ናሙና ግን ነገ ላይገኝ ይችላል። ሩፔል በ1830ዎቹ የሰበሰባቸው ዓሦች ፍራንክፈርት ውስጥ ተቀምጠው የቆዩት እርሱ ስለ ዲ.ኤን.ኤ. አስቀድሞ ስላወቀ አልነበረም።

ሥራው በጣና ላይም አያበቃም። በገናሌ ወንዝ ውስጥ በአፋቸው አሠራር የሚለያዩ፣ አብረው የሚኖሩ የላቤዎባርበስ ዓይነቶች መኖራቸው ታውቋል። በአገራችን ወንዞች ውስጥ «ነጭ ዓሣ» በሚል አንድ ስም የሚጠራው ሁሉ አንድ መሆኑን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም።

በመጪው ክረምት ጉማራ እንደገና ይደፈርሳል፤ ዓሦቹም በወንዙ መግቢያ ይሰበሰባሉ። ቁጥራቸው ከትናንቱ ያነሰ ይሆን ወይስ የበዛ፣ መረብ የሚዘረጋው አስጋሪ ያውቀዋል። ከመካከላቸው የትኛው ወገን እንደጎደለ ለማወቅ ግን መቀስና ጠርሙስ ይዞ በወንዙ ዳር የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎች መካከል ሊሆን ይችላል።